አንቷን ዳባዲ፤ የጎንደርን ምድር በከዋክብት የለካው ሊቅ

የጎንደር ከተማ ስሟ በታሪክ የሚነሳው በአብዛኛው ከአፄ ፋሲል ዘመን ጀምሮ በተሠሩት አብያተ መንግሥታት፣ በአብያተ ክርስቲያናቷና በሊቃውንቷ ነው። ይህችው ከተማ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ የኢትዮጵያ ምድር ከሰማይ ከዋክብት ጋር እየተመሳከረ በዘመናዊ የሳይንስ ዘዴ ለተለካበት ሥራ መነሻና ማረፊያ ከሆኑት ቦታዎች አንዷ እንደነበረች ግን እምብዛም አይነገርም።

ሥራውን ያከናወነው የሥነ ፈለክና የመልክዓ ምድር ሊቁ አንቷን ዳባዲ ነው። ዳባዲ ካረፈ ከ120 ዓመታት በላይ አልፈዋል። ያም ሆኖ የተከተለው የአሠራር ሥርዓት በዘመናችን በቢሊዮን የሚቆጠሩ የብርሃን ዓመታት ርቀው በሚገኙ ኳዛሮች ዙሪያ የሚያበሩትን ግዙፍ የጋዝ ደመናዎች ለማግኘት ካስቻለው ሥርዓት ጋር በመሠረቱ አንድ ነው። ይኸውም በጥንቃቄ መለካት፣ የተለካውን ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ መመዝገብ፣ መዝገቡንም ሌላው እንዲመረምረው ክፍት ማድረግ ነው።

ዳባዲ እ.ኤ.አ ጃንዋሪ 3 ቀን 1810 በአየርላንድ፣ በደብሊን ከተማ ተወለደ። አባቱ በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ከሚኖረው የባስክ ሕዝብ የተገኘ ሲሆን እናቱ አየርላንዳዊት ነበረች። ቤተሰቡ ወደ ፈረንሳይ ከተመለሰ በኋላ በዚያው አድጎ በፓሪስ ሕግንና የተፈጥሮ ሳይንስን ተማረ። እ.ኤ.አ በ1836 የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ የምድርን መግነጢሳዊ ኃይል እንዲመረምር ወደ ብራዚል ላከው፤ በዚህም የመስክ ልኬትን ሥራ በተግባር ተለማመደ።

ከብራዚል መልስ ከታናሽ ወንድሙ ከአርኖ ዳባዲ ጋር ጉዞውን ወደ ኢትዮጵያ አደረገ። ወንድማማቾቹ እ.ኤ.አ በፌብሩዋሪ 1838 ምፅዋ ደርሰው ከዚያ ወደ ጎንደር ዘለቁ። አንቷን የያዛቸው መሣሪያዎች ላሰበው ሥራ እንደማይበቁ በመገንዘቡ የተሻሉትን ለማምጣት ወደ አውሮፓ ተመለሰና እ.ኤ.አ በ1840 እንደገና መጣ። ከዚያም እስከ 1848 ድረስ በሰሜን፣ በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ የአገሪቱ ክፍሎች እየተዘዋወረ ሠራ።

ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነበር። በጎንደር ዙፋን ላይ አፄ ሣህለ ድንግል በስም ይንገሡ እንጂ ሥልጣኑ በደብረ ታቦር በነበሩት በራስ ዓሊ እጅ ነበር። ሰሜንንና ትግራይን ደጃዝማች ውቤ፣ ጎጃምን ደጃዝማች ጎሹ ይገዙ ነበር። እ.ኤ.አ በ1842 ደጃዝማች ውቤና ራስ ዓሊ በደብረ ታቦር ተዋጉ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም የቋራው ካሣ፣ ኋላ አፄ ቴዎድሮስ፣ የራስ ዓሊን እናት እቴጌ መነንን በጦር ድል አድርገው ማረኩ። በእንዲህ ያለ ወቅት ተራራ ላይ ወጥቶ በመነጽር አገር የሚቃኝ የውጭ ሰው በጥርጣሬ መታየቱ የማይቀር ነበር። የአውሮፓ መንግሥታት በቀይ ባሕር አካባቢ ይፎካከሩ ስለነበርም እንግሊዛውያን ወንድማማቾቹን በፈረንሳይ ወኪልነት ይጠረጥሯቸው ነበር። አንቷን ያገኘውን ተሰሚነት ለፈረንሳይና ለካቶሊክ ሚሲዮናውያን ጥቅም ማዋሉም እውነት ነው።

ዳባዲ የደረሰባት ጎንደር የሰማይን ነገር የማታውቅ ከተማ አልነበረችም። ሊቃውንቷ በባሕረ ሐሳብ ትምህርት የፀሐይንና የጨረቃን ዑደት አስማምተው አጽዋማትንና በዓላትን ያወጡ ነበር። የ19 ዓመቱ ንዑስ ቀመር፣ የ76 ዓመቱ ማዕከላዊ ቀመርና የ532 ዓመቱ ዐቢይ ቀመር የዚህ ትምህርት ክፍሎች ናቸው። የፀሐይን፣ የጨረቃንና የከዋክብትን አካሄድ በሰፊው የሚያትተው መጽሐፈ ሄኖክም ሙሉ ይዘቱ ተጠብቆ የቆየው በግእዝ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ በ1770 ጎንደር የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስም ወደ አውሮፓ ሲመለስ ይህን መጽሐፍ ይዞ ነበር።

የዳባዲ ዓላማ ሌላ ነበር። በሰማይ የታወቁትን ከዋክብት መሠረት አድርጎ በምድር ያሉት ተራሮች፣ ወንዞችና ከተሞች ትክክለኛ ቦታቸውን ማግኘት ነበር የፈለገው። አንድ ቦታ ከምድር ወገብ ያለውን ርቀት፣ ማለትም ኬክሮሱን፣ ከከዋክብት ከፍታ ማወቅ ይቻላል። ለምሳሌ በጎንደር ከተማ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ በላይ የሚታየው በ12 ዲግሪ ተኩል ገደማ ከፍታ ነው፤ የከተማዋ ኬክሮስም ያው ነው።

ቦታው በምሥራቅና በምዕራብ ያለውን አቀማመጥ፣ ማለትም ኬንትሮሱን፣ ማወቅ ግን እጅግ ይከብዳል። ለዚህ የሁለት ቦታዎችን የሰዓት ልዩነት ማወቅ ያስፈልጋል፤ የ4 ደቂቃ ስሕተት ብቻ በጎንደር አካባቢ ቦታውን ከ108 ኪሎ ሜትር በላይ ያዛንፈዋል። በቅሎ ላይ የተጫነ ሰዓት ደግሞ በመንገድ መንገራገጭ መዛባቱ አይቀርም። ስለዚህ የዘመኑ ተመራማሪዎች ጨረቃን እንደ ሰማይ ሰዓት ይጠቀሙባት ነበር። ጨረቃ በከዋክብት መካከል ያላትን ቦታ ይለካሉ፤ ወይም በጉዞዋ አንድን ኮከብ የምትጋርድበትን ቅጽበት ጠብቀው ይመዘግባሉ። ይህ ጨረቃን የመጠበቅ ዘዴ ከመቶ ዓመት በኋላ ለሌላ ትልቅ ግኝት በር እንደከፈተ ወደ ኋላ ይታያል።

ዳባዲ ጥቂት ቦታዎችን በከዋክብት ካጸና በኋላ የቀሩትን ከተራራ ወደ ተራራ አቅጣጫ በመለካት ያያይዛቸው ነበር። ቲዎዶላይት በተባለው የማዕዘን መለኪያ ከአንድ ጉብታ ላይ ሆኖ በዙሪያው የሚታዩትን ጫፎች ሁሉ ይለካል፤ ቀጥሎ ወደ ሌላው ጉብታ ተሻግሮ እነዚያኑ ጫፎች ደግሞ ይለካል። መስመሮቹ የሚገናኙበት ነጥብ የጫፉ ቦታ ይሆናል። ሰንሰለት ዘርግቶ ሜዳ መለካት በማይቻልበት አገር ይህ ፈጣን ዘዴ የራሱ ፈጠራ ነበረ። ከሩቅ ጎልተው የሚታዩት የሰሜን ተራሮች ያሉበት ደጋ ለእንዲህ ዓይነቱ ልኬት የተመቸ ነው።

የቦታዎችን ከፍታ ለማወቅ ደግሞ ውኃ የሚፈላበትን ሙቀት መለካት በዘመኑ የታወቀ መንገድ ነበር። ከፍታ በጨመረ መጠን የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውኃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት በጎንደር ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በራስ ዳሸን ጫፍ ደግሞ በ85 ዲግሪ ገደማ ነው።

ዳባዲ ከልኬቱ ጎን ለጎን የብራና መጻሕፍትን ይሰበስብና ያስገለብጥ ነበር። እ.ኤ.አ በ1859 ባሳተመው ዝርዝር 234 የኢትዮጵያ መጻሕፍትን ይዘት አንድ በአንድ ገልጿል፤ ከእነዚህም ውስጥ መጽሐፈ ሄኖክን የያዙ ይገኛሉ። በአጋመ ከሚገኘው ከጉንዳ ጉንዴ ገዳም ያስገለበጠውን የሄርማ ኖላዊ መጽሐፍ የግእዝ ቅጂም እ.ኤ.አ በ1860 አሳትሞታል። ስብስቡ ዛሬ በፓሪስ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ዝርዝሩ የኢትዮጵያን ሥነ ጽሑፍ ለዓለም ምሁራን ያስተዋወቀ ቢሆንም፣ ቅርሶቹ ከተወለዱበት አገር ርቀው መቅረታቸው ከዳባዲ ስም ጋር አብሮ የሚነሳ ጉዳይ ነው።

ዳባዲ እ.ኤ.አ በ1843 ከጎጃም ዓባይን ተሻግሮ ወደ እናርያ፣ ቀጥሎም ወደ ካፋ ተጓዘ። ለሕይወቱ ትልቁ ክርክር ምክንያት የሆነውም ይኸው የደቡብ ምዕራብ ጉዞ ነው። እ.ኤ.አ በ1846 ወደ እናርያ ተመልሶ የግቤን መነሻ ካየ በኋላ የነጭ ዓባይን ምንጭ አገኘሁ ሲል ለአውሮፓ አስታወቀ። በዚያን ጊዜ የዓባይን ምንጭ ማግኘት የመልክዓ ምድር ምሁራን ሁሉ የሚመኙት ክብር ነበር።

መደምደሚያው ግን ስሕተት ነበር። ግቤ ወደ ኦሞ ገብቶ ወደ ቱርካና ሐይቅ ይፈስሳል እንጂ ከዓባይ ጋር አይገናኝም። በሸዋና በጎጃም የተጓዘው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ ስሕተቱን ከመንቀፍ አልፎ እ.ኤ.አ በ1850 ባወጣው ጽሑፍ ዳባዲ ካፋን ጨርሶ አላየም እስከ ማለት ደረሰ። የፓሪስ የመልክዓ ምድር ማኅበር ለዳባዲ ወንድማማቾች የወርቅ ሜዳሊያ በሰጠ ጊዜም ቢክ ቀደም ሲል ከዚያው ማኅበር የተሸለመውን ሜዳሊያ በተቃውሞ መለሰ። ለአንድ ተመራማሪ ያልሄደበትን ሄድኩ ብሏል ከመባል የከፋ ክስ የለም። አሥር ዓመት ሙሉ የተደከመበት ሥራ በአንድ የተሳሳተ መደምደሚያ ምክንያት ከነ አካቴው ሊጣል ደርሶ ነበር።

ዳባዲን ከዚህ ያወጣው መዝገቡ ነው። የልኬት መዝገቦቹን ሮዶልፍ ራዶ ለተባለ የሒሳብና የሥነ ፈለክ ባለሙያ አስረከበ። ራዶ ስሌቶቹን መርምሮና አረጋግጦ አሰናዳቸው፤ ስለ ኢትዮጵያ ምድር ልኬት የተጻፈው ትልቅ መጽሐፍም ከ1860 እስከ 1873 ባሉት ዓመታት ከአሥር ካርታዎች ጋር ታተመ። መጽሐፉ ካርታ ብቻ ሳይሆን ካርታው የተገኘባቸውን ልኬቶችም ይዟል። ስለዚህ የሚጠራጠር ሁሉ ቁጥሮቹን ወስዶ ስሌቱን ከመጀመሪያው መሥራት ይችል ነበር።

ጊዜውም በሁለት በኩል ፈረደ። እ.ኤ.አ በ1862 እንግሊዛዊው ጆን ስፒክ ነጭ ዓባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ ሲወጣ አየ፤ እ.ኤ.አ በ1896 ደግሞ የጣሊያናዊው ቦቴጎ ቡድን ኦሞን ተከትሎ ቱርካና ሐይቅ ደረሰ። በዚህም ዳባዲ ስለ ዓባይ ምንጭ የሰጠው አስተያየት ወደቀ። በሌላ በኩል ከእርሱ በኋላ የመጡት ተጓዦች የመዘገባቸው ቦታዎችና እውነታዎች የሚታመኑ ሆነው አገኟቸው። መደምደሚያው ሲወድቅ ልኬቱ ቆመ፤ ዋሽቷል የተባለውም ተሳስቶ እንደነበር እንጂ እንዳልዋሸ ታወቀ።

ዳባዲ ከኢትዮጵያ ከተመለሰ በኋላም አገሪቱን አልረሳም። እ.ኤ.አ በ1881 የአማርኛና የፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላት አሳተመ። በፈረንሳይና በስፔን ድንበር አቅራቢያ፣ በአንዳይ ከተማ የባሕር ዳርቻ ላይ ከ1864 ጀምሮ ባሠራው አባዲያ በተባለው ግንብ ግድግዳዎች ላይም የኢትዮጵያን ኑሮ የሚያሳዩ ሥዕሎች ተሥለዋል። በመመገቢያ ክፍሉ ባሉት ወንበሮች መደገፊያ ላይ የአማርኛ ፊደላት ተቀርጸዋል፤ ወንበሮቹ በተራ ሲደረደሩ ፊደላቱ ተገጣጥመው በማዕዱ ዙሪያ ከዳተኛ እንዳይኖር የሚመኝ ዓረፍተ ነገር ይሆናሉ።

በዚሁ ግንብ ውስጥ የዳባዲን ጠባይ ከሁሉ ይበልጥ የሚገልጽ አንድ ነገር አለ። የብርሃን ጨረር በአየር ውስጥ ሲያልፍ ምን ያህል እንደሚጎብጥ ለመለካት ሲል ከፊት ለፊት የሚታየውን ላሩን የተባለ ተራራ የሚያሳይ ቀጥ ያለ ቀዳዳ በግንቡ ግድግዳዎች ውስጥ አስበጅቶ ነበር። ሙከራው አልተሳካም። ዳባዲ ግን ቀዳዳውን ደፍኖ ነገሩን ከመደበቅ ይልቅ ምንም እንዳልታየና ምንም እንዳልተማረበት የሚናገር ጽሑፍ በባስክ ቋንቋ በድንጋይ ላይ አስቀረጸበት።

ዳባዲ እ.ኤ.አ በ1867 የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆነ፤ እ.ኤ.አ በ1882 ዓጥቢያ ኮከብ በፀሐይ ፊት ስታልፍ ለመመልከት ወደ ሄይቲ የተላከውን ቡድን መራ፤ እ.ኤ.አ በ1892 ደግሞ አካዳሚውን በፕሬዚዳንትነት አገለገለ። ከመሞቱ በፊትም ግንቡንና በውስጡ ያቋቋመውን የከዋክብት መመልከቻ ጣቢያ ለአካዳሚው አወረሰ። የውርሱ ግዴታ በ50 ዓመታት ውስጥ የ500,000 ከዋክብትን ቦታ የያዘ መዝገብ እንዲዘጋጅ የሚል ነበር። በሰማንያዎቹ ዕድሜው ይህን ሲያዝ የሥራውን ፍጻሜ እንደማያይ ያውቅ ነበር። እ.ኤ.አ ማርች 19 ቀን 1897 በፓሪስ አርፎ በዚያው ግንብ ጸሎት ቤት ሥር ተቀበረ። ጣቢያው የከዋክብትን ቦታ የመለካት ሥራውን እስከ 1975 ቀጥሏል።

የአባዲያ ግንብ በተጀመረበት በ1864 እንግሊዛዊው ዊልያም ሃጊንስ በሰማይ ጥናት ሌላ ምዕራፍ ከፍቶ ነበር። ብርሃንን በየቀለሙ በሚተነትነው ስፔክትሮስኮፕ አንዲት ደብዛዛ የሰማይ ደመና ተመልክቶ፣ ደመናይቱ የከዋክብት ስብስብ ሳትሆን የሚያበራ ጋዝ መሆኗን አረጋገጠ። ከዚያ ወዲህ የሥነ ፈለክ ጥናት በሁለት እግሩ መቆም ቻለ። አንደኛው፣ ዳባዲ የደከመበት፣ ነገሩ የት እንዳለ ይለካል፤ ሁለተኛው ነገሩ ከምን እንደተሠራ ይመረምራል።

ሁለቱ ዘርፎች በኳዛሮች ግኝት ላይ ተገናኙ። እ.ኤ.አ በ1962 በአውስትራሊያ የፓርክስ የራዲዮ ቴሌስኮፕ ሲረል ሃዛርድና ባልደረቦቹ ጨረቃ 3ሲ 273 የተባለውን የራዲዮ ሞገድ ምንጭ የምትጋርድበትን ቅጽበት ጠብቀው ትክክለኛ ቦታውን አገኙ። ይህ ከመቶ ዓመት በፊት ተጓዦች ኬንትሮስን ለማወቅ ይጠቀሙበት የነበረው የጨረቃ ዘዴ ነው። በተገኘው ቦታ ላይ ኮከብ የሚመስል ነጥብ ታየ። በተከታዩ ዓመት ማርተን ሽሚት በካሊፎርኒያ ሆኖ የነጥቡን ብርሃን ሲተነትን ኮከብ ሳይሆን ከ2 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት በላይ ርቆ የሚገኝ እጅግ ብሩህ አካል መሆኑን አወቀ። እንዲህ ያሉት አካላት ኳዛር ተባሉ።

ኳዛር የሚያበራው በጋላክሲው እምብርት ባለ ግዙፍ ጥቁር ጉድጓድ ዙሪያ የሚሽከረከረው ጋዝ እጅግ ስለሚሞቅ ነው። ከዚህ የሚወጣው አልትራቫዮሌት ጨረር በጋላክሲው ዙሪያ ተንሰራፍቶ የሚገኘውን የሃይድሮጅን ጋዝ ሲመታው ጋዙ በራሱ ቀለም ያበራል። ኅዋ እየሰፋ በመሄዱ ብርሃኑ በረጅሙ ጉዞው ሞገዱ ስለሚለጠጥ ምድር ሲደርስ በሚታይ ብርሃን መልክ ሊመዘገብ ይችላል። ይሁን እንጂ እጅግ ደብዛዛ ስለሆነ፣ ለረጅም ሰዓት ብርሃን ማጠራቀምና የኳዛሩን ደማቅ ብርሃን በጥንቃቄ መቀነስ ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ በ2014 ከ1 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት በላይ የሚረዝም እንዲህ ያለ ደመና በአንድ ኳዛር ዙሪያ መገኘቱ ይፋ ሆነ፤ እኛ ያለንበት ጋላክሲ ስፋቱ 100,000 የብርሃን ዓመት ያህል ነው። እ.ኤ.አ በ2016 በቺሊ በሚገኘው ትልቅ ቴሌስኮፕ የታዩ 17 ኳዛሮች ሁሉም በደመና ተከበው ተገኙ። እ.ኤ.አ በ2019 ደግሞ ኅዋ ገና 1 ቢሊዮን ዓመት ባልሞላው ዘመን ከነበሩ 31 ኳዛሮች መካከል 12ቱ በጋዝ ደመና መከበባቸው ታወቀ። እነዚህ ደመናዎች ጥቁር ጉድጓዶችና ጋላክሲዎች ሲያድጉ የተመገቡትን ጋዝ ከየት እንዳገኙ የሚያመለክቱ ናቸው።

በኢትዮጵያም በእንጦጦ ተራራ ላይ እያንዳንዳቸው የ1 ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። በ2014 ዓ.ም በወጣው አዋጅ የስፔስ ሳይንስ ምርምርና የካርታ ሥራ በስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ሥር በአንድነት ተዋቅረዋል። ሰማይን መመልከትና ምድርን መለካት ዳባዲ በጎንደር ደጋ ላይ በአንድ መሣሪያ አጣምሮ የያዛቸው ሥራዎች ነበሩ።

አንቷን ዳባዲ በሕይወት ዘመኑ ክብርም ነቀፌታም አግኝቷል። ትልቁ ምኞቱ የነበረው የዓባይ ምንጭ በስሙ አልተመዘገበም። ከጎንደርና ከሌሎች የአገሪቱ ደጋዎች እየለካ የጻፋቸው ቁጥሮች ግን ከእርሱ ስሕተትም ከባላንጣው ክስም ተርፈዋል። ይህ የሆነው ለቀጣዩ ሰው በሚነበብና በሚመረመር መልኩ ተጽፈው በመቀመጣቸው ነው።